ባለቤት የሌለው ተሳቢ

የከተማዋን ስም አልጠራም። እዚያ ስም የጠራ ሰው አብሮ ይጠራል፤ ከወጣሁ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም። ከተማዋ የተቀመጠችው በአንድ ረጅም ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ መንገዱ በድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ ጉሊት አለ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በወቅቱም ሸንኮራ ይሸጥበታል። የጭነት መኪኖች ተሳቢያቸውን እየጎተቱ ከተማዋን ያቋርጣሉ፣ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ጉሊቱ አጠገብ ታጥፈው ይሄዳሉ። ያልታጠፉም ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሰዋስው ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ «ተሳቢ ከማሰሪያ አንቀጽ ጋር ያለው ዝምድና» የሚል ነበር። ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ «ገበሬው በሬውን ጠመደ» ሲባል ገበሬው ባለቤት፣ በሬው ተሳቢ፣ ጠመደ ማሰሪያ ነው። ሥራ የሚመድቡት ሰዎች ግን ርእሱን አንብበው ሌላ ነገር ተረዱ። ተሳቢን ከመኪና ጋር የሚያያይዘውን ብረት የሚመረምር ባለሙያ ለረጅም ጊዜ ሲፈልጉ ኖረዋል። ስህተቱን ልነግራቸው ስል መዳቢው «ስለ ማሰሪያውም ጽፈሻል እኮ፤ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን» አሉና ማኅተም መቱበት። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። የጀመረ ሰው ማቋረጥም አይሆንልኝም።

የተመደብኩበት ቦታ የመጋጠሚያ ኬላ ይባላል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሜዳ ላይ የቆመ አንድ ክፍል ቤት ነው። ሦስት ሠራተኞች ነበርን። አለቃችን አቶ ግዛው «ዋና አሳሪ» የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሰው የማይቆጡ ሽማግሌ ናቸው። አቶ ስማቸው «ሰሚ» ነበሩ። እኔ «ቃል አውጪ» ሆንኩ።

በዚያ አገር ክስ አይጻፍም። «የተባለ ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል» የሚለውን ተረት በደንብ ያውቁታል። ክስ መውረስ የሚፈልግ ሰው ስላልተገኘ፣ ክስ ሁሉ በቃል እንዲሆን ተወሰነ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ቃል አውጪው በመኪናውና በተሳቢው መካከል ይቆምና ያየውን ጉድለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሰሚው ያዳምጣል። ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ ካለው «ታስሯል» ይላል፤ ያን ጊዜ መኪናው የሚጎትተው ተሳቢ ይያዛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ «ልቅ ነው» ይላል፤ መኪናው ከነተሳቢው ያልፋል። ይህን ስሰማ ምደባዬ ምናልባት ስህተት ላይሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ የመረመርኩት የጋሽ ድንበሩን መኪና ነው። ጋሽ ድንበሩ ሲሚንቶ የሚያመላልሱ፣ ከአፋቸው የጥርስ መፋቂያ የማይለይ፣ ሽበታም ሾፌር ናቸው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጋንቾው፣ ማለትም የተሳቢው ዘንግ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ፣ ተበልቶ ተበልቶ እንደ ማንኪያ ሳስቷል። የጋንቾው መዝጊያ አልዘጋ ስላለ በሽቦ ተጠፍሯል። መዝጊያውን በሚቆልፈው ፒን ቦታ ሚስማር ተሰክቷል። ጋንቾው ቢከዳ ይይዛል የተባለው ሰንሰለት ራሱ መሐሉ ላይ በገመድ ተቀጥሏል።

ጋሽ ድንበሩ ከጋቢናው ወርደው አጠገቤ ቆሙ። «እህ፣ ምን ትላለች የኛ ምሁር?»

«ጋንቾው አልቋል» አልኩ።

«ማን ጨረሰው?» አሉ ሰሚው።

«መዝጊያው በሽቦ ታስሯል።»

«ማን አሰረው?»

«ፒኑ ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

ሚስማሩን እንደገና አየሁት። አቶ ስማቸው ሳያዝኑም ሳይደሰቱም «ልቅ ነው» አሉ።

«እኔ ነኝ በለው ስማቸው» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «እኔ ጨረስኩት፣ እኔ አጠፋሁት። በቃ፣ ያዙኝ።»

ዋና አሳሪው ከበሩ ላይ ሆነው በትዕግሥት አስረዷቸው። «ድንበሩ፣ ስንቴ ልንገርህ። ሾፌር ባለቤት አይሆንም። ሾፌር ከፊቱ ‹በ› የሚገባበት ነገር ነው። በመዶሻ፣ በገመድ፣ በድንበሩ።»

«እንግዲህ ከመዶሻ ጋር ደመራችሁኝ።»

«መዶሻ ሥራውን ጨርሶ ሲቀመጥ አይነጫነጭም» አሉ ሰሚው።

ጋሽ ድንበሩ መፋቂያቸውን ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዛወሩና ጋቢና ወጥተው ነዱ።

የመኪናዎቹ ባለቤት ማን እንደሆነ የጠየቅኩት በማግስቱ ነው። አቶ ግዛውም አቶ ስማቸውም በአንድነት ከከተማዋ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ተመለከቱ። ኮረብታው ላይ ትልቅ ቤት አለ። ኋላ ላይ ሰው ሁሉ፣ ሕፃናት ጭምር፣ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ወደዚያው እንደሚመለከት አስተዋልኩ። ስም ግን የሚጠራ የለም። በሰዋስው እንዲህ ያለው ባለቤት መጠሪያ አለው፤ «ውስጠ ታዋቂ» ይባላል። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አይገለጥም፤ ግን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «መጣ» ሲባል የመጣው ሰው አልተጠራም፤ ሆኖም አንድ ሰው መጥቷል።

ይህንኑ ለአለቃዬ አቀረብኩ። ውስጠ ታዋቂ ባለቤት እንደ ባለቤት ይቆጠራል አልኩ።

«ልክ ነሽ» አሉ አቶ ግዛው። «ታዋቂ ስለሆነ መጥራቱ ትርፍ ነው። ካልተጠራ ደግሞ የለም።»

መልስ ለመስጠት ስዘጋጅ ውኃ ሊጠጡ ሄደው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ድንበሩ ኬላው ላይ በቆሙ ቁጥር ይለምኑኝ ጀመር። በሌላ አገር ሾፌሮች እንዳይከሰሱ ይለምናሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እሳቸው የሚለምኑት እንድከሳቸው ነበር።

«ክሰሺኝ ልጄ» ይሉኛል፤ ሰሚው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካልተያዘ አይጠገንም። የተያዘ ዕለት ግን የግዳቸውን ይጠግኑታል።»

«አልነዳም ቢሉስ?»

«አልነዳም ብል ነገ ሌላ ሾፌር ይነዳዋል። እሱ ደግሞ ክላክስ አያደርግም።»

ስለ ክላክሱ መናገር አለብኝ። ጋሽ ድንበሩ ቁልቁለቱን ሊጀምሩ ሲሉ ክላክሳቸውን ረጅም ያሰማሉ። ድምፁ ታች ድረስ ይደርሳል። ያን ጊዜ ጉሊት ላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ ይነሡና ከመንገዱ ዳር ወዳለው ጉብታ ይወጣሉ። መኪናውና ተሳቢው ተያይዘው እስኪያልፉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወርደው ሽያጫቸውን ይቀጥላሉ። መጀመሪያ በሩጫና በጩኸት ነበር አሉ። የከተማዋ ሹሞች አይተው በሥርዓት እንዲሆን አደረጉ። አረጋውያን ቀድመው፣ ነፍሰ ጡሮች ቀጥለው፣ ሌላው በተርታ። በዓመት አንድ ቀንም ባማረ ሁኔታ የተነሣ ጉሊት ይሸለማል። ሹሞቹ በንግግራቸው ሁሉ ይህን መነሣት እንደ ትልቅ ሥራ ያነሡታል፤ ስለ ጋንቾው ያነሣ አልሰማሁም። አንድ እንግዳ ሰው በዚያ ሲያልፍ ሕዝቡ ተሰልፎ መቆሙን አይቶ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። «ገና ነው» አሉት።

እኔም ኬላው ላይ ሆኜ ያን ክላክስ ስሰማ እጄ የያዘውን ሁሉ ያቆማል። ድምፁ ካለፈ በኋላ ሌላ ድምፅ ይመጣ እንደሆነ አዳምጣለሁ። ካልመጣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ጉሊቱ ላይ ድንች ከሚሸጡት አንዷ የጋሽ ድንበሩ ባለቤት እትዬ አስካለ ናቸው። «ባለቤት» ማለቴ ሚስት ማለቴ ነው፤ በዚያች ከተማ ይህ ቃል ያለ ፍርሃት የሚነገረው በዚህ ትርጉሙ ብቻ ነበር።

ከእኔ በፊት የታሰረ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። አንድ ነበር። የአንድ መኪና ተሳቢ ቁልቁለቱ ላይ ተለያይቶ ብቻውን ወርዶ የወይዘሮ ደብሪቱን የድንጋይ አጥር አፈረሰ። ኬላው ተሰበሰበ። «ተሳቢው ተለቀቀ» ተባለ፤ ልቅ ሆነ። «አጥሩ ፈረሰ» ተባለ፤ ልቅ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ሲፈለግ ውሎ ወደ ማታ አቶ ግዛው አንድ ዓረፍተ ነገር አገኙ። «ወይዘሮ ደብሪቱ አጥራቸውን አቆሙ።» ባለቤት አለው፤ ተሳቢ አለው፤ ማሰሪያ አለው። አቶ ስማቸው «ታስሯል» አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ የተረፈውን አጥር እንዲያፈርሱ ተፈረደባቸው። ዋና አሳሪው ይህን ሲያወሩልኝ የማንንም ክፋት እያወሩ አልነበረም። ፍርዱ ከባድ እንደሆነ ራሳቸውም ያምናሉ። ግን ሰዋስዉ እንከን የለውም ነበር፤ ስመረምረው እኔም እንከን አላገኘሁበትም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ታመሙ። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ ደግፈው ወደ ጉብታው ያወጧቸው ነበር። ቀጥሎ በወንበር ተሸከሟቸው። ከዚያ ግን ሥርዓቱን ያበላሻል ተባለ፤ በወንበር የሚነሣ ሰው በተርታው ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እትዬ አስካለም «ተዉኝ፤ ባሌ በመጣ ቁጥር እንደ ሌባ መሸሽ ሰልችቶኛል» ብለው ተቀመጡ።

ጋሽ ድንበሩ ይህን የነገሩኝ ጎማቸውን በእግራቸው እየመቱ ነው። «አርባ ዓመት ሙሉ ስመጣ ተቀምጣ እንድትጠብቀኝ ስለምናት እምቢ ብላ፣ አሁን ነው የምትጠብቀኝ» አሉ። ቀልድ ነበር፤ አልሳቁም። «ክላክስ አድርጌ እወርዳለሁ። እጥፋቱ ላይ ስደርስ ሁሉም ጉብታው ላይ ናቸው። እሷ ብቻ ድንቿን ከፊቷ ደርድራ ታየኛለች። እኔ ደግሞ የማየው በመስታወቱ ኋላዬን ነው። አንድም ቀን ፊቷን አላየሁትም።»

በዚያው ሳምንት ዋና አሳሪው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«ወይዘሪት እማዋይሽ፣ አንድ ነገር እንድትመረምሪልኝ ነው» አሉ። «አደጋ ሲደርስ ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ሰዋስው ያበላሻል። ስለዚህ ቀደም ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ።»

«ይንገሩኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አስካለ ጉሊቷን ዘረጋች» አሉ።

ቃላቱን አንድ በአንድ በጣቴ ቆጠርኩ።

«ምነው፣ ይጎድለዋል?»

«ምንም አይጎድለውም» አልኩ።

«ባለቤቱ ይታወቃል?»

«ይታወቃል።»

«ተመስገን» አሉ አቶ ግዛው። «እኔማ ‹ዘረጋች› የሚለው ነበር ያሳሰበኝ።» ሻይ ጋበዙኝ። ጠጣሁ። ስኳሩ በዛብኝ፤ ግን አልተናገርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ድንበሩ ሲሚንቶ እስከ አፉ ጭነው መጡ። ከኋላ የተቀጠለው ተሳቢ ሜዳው ላይ ገና ሲቆም ዘንጉ ጋንቾው ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ይሰማ ነበር። አቶ ስማቸው ወንበራቸውን አውጥተው ተቀመጡ። ዋና አሳሪው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ በመኪናውና በተሳቢው መካከል ገባሁ። ጎንበስ አልኩ፤ ግን የማየው ነገር አልነበረኝም። ሁሉን አውቀዋለሁ።

«ጋሽ ድንበሩ» አልኩ፣ «ይህን ተሳቢ ለመፍታት ምን ይደረጋል?»

መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡት። «ለመፍታት?»

«አዎ።»

«ተይ፣ እኔ ልፍታው።»

«እርስዎ ከፈቱት ነገ ሌላ ሰው ይነዳዋል።»

ወደ ሰሚው ዘወር ብለው አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። መጀመሪያ ታኮ ከጎማዎቹ ሥር፣ ከፊትም ከኋላም። ቀጥሎ የፍሬኑን ቱቦ መንቀል፤ ቱቦው ሲነቀል ተሳቢው በራሱ ፍሬን ይያዛል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ አይችለውም። ከዚያ ሰንሰለቱን። በመጨረሻ ጋንቾውን። የእንጨት ታኮዎቹን ከጋቢናው ሥር አውጥቼ በየጎማው ሥር አስገባሁ። ቱቦውን ስነቅለው አየሩ ሲተነፍስ ልብሴ ላይ አቧራ በተነ። ሰንሰለቱን ለመፍታት ገመዱን መፍታት ብቻ በቃኝ። ሽቦውን አጠማዘዝኩና ጣልኩት። ሚስማሩን በመዶሻ መምታት ሊያስፈልግ ይችላል ብለውኝ ነበር። በሁለት ጣቴ ሳብኩት፤ እንደ ጸጉር ማስያዣ ወጣ። ያ ሁሉ ሲሚንቶ በዚያ ሚስማር ነበር ቁልቁለቱን ሲወርድ የከረመው።

«አሁን ትንሽ ወደፊት ይንዱት» አልኳቸው።

ጋሽ ድንበሩ ጋቢና ገብተው ሞተሩን አስነሡ። መኪናው ትንሽ ወደፊት ሄደ። የተሳቢው ዘንግ ሳይታገል ከጋንቾው ተንሸራትቶ መሬት ላይ ወደቀ። ተሳቢው ባለበት ቆመ።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ቃሌን አወጣሁ። ድምፄ ያው ነበር፤ ግን ሞተሩን አጥፍተውት ስለነበር ይሰማል።

«እኔ እማዋይሽ፣ ተሳቢውን፣ በጋሽ ድንበሩ፣ ፈታሁት።»

አቶ ስማቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ባለቤቱን ፈለጉ፤ አገኙ። ተሳቢውን ፈለጉ፤ አገኙ። ጋሽ ድንበሩን ፈለጉ፤ ከ«በ» በኋላ ቆመው አገኟቸውና አለፏቸው። ማሰሪያው ላይ ሲደርሱ ግን ቆዩ።

«አለቃ፣ ማሰሪያው ‹ፈታሁት› ነው» አሉ። «በመፍታት ይታሰራል እንዴ?»

ዋና አሳሪው ብዙ አሰቡ። ታማኝ ሰው ናቸው፤ ሰዋስው ላይ አይዋሹም። «ይታሰራል» አሉ በመጨረሻ።

«ታስሯል» አሉ ሰሚው።

ተሳቢው ተያዘ።

ቀጥሎ የኔ ፍርድ ነበር። አቶ ግዛው ወደ ቤት አስገብተው አስቀመጡኝ። አሁንም አልተቆጡም። «የሰው ንብረት ፈትተሻል፤ ይህ ቀላል አይደለም» አሉ። «ለመፍረድ ግን ተበዳዩን ማወቅ አለብኝ። የማንን ተሳቢ ነው የፈታሽው?»

«ውስጠ ታዋቂ ነው» አልኩ።

ወደ መስኮቱ፣ ወደ ኮረብታው በኩል ተመለከቱ። አቶ ስማቸውም ተመለከቱ። እኔ አልተመለከትኩም።

ባለቤቱ መጥቶ «ተሳቢው የእኔ ነው» እስኪል ድረስ ከኬላው እንዳልርቅ ተወሰነ። አንድ ቀን ከኮረብታው በኩል ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰው መጣ። ተሳቢውን ዞረው፤ ጎማውን በጫማው ነካ ነካ አደረገው፤ ሸራውን ገልጦ ዝናብ የነካውን ሲሚንቶ አየ። ከዚያ ወደኛ መጥቶ አፉን ከፈተ። አቶ ስማቸው ወንበራቸውን አስተካክለው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሰውየው አያቸው። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ሚስማርና ሽቦ አየ።

«ደህና ዋላችሁ» አለና ሄደ።

ሌላ የመጣ የለም። ሲሚንቶው በክረምቱ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ከተሳቢው ሥር ሣር በቀለ፤ ዶሮዎችም ማደሪያ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሾፌሮች ሜዳው ላይ ሲቆሙ ከጋንቿቸው በፊት እኔን ያዩ ጀመር። ስለዚህ አዲስ ደንብ ወጣ። በኬላው ውስጥ ማንኛውም ሠራተኛ «እኔ» ማለት ተከለከለ። ደንቡን ለሠራተኛው ያሰሙት ዋና አሳሪው ናቸው፤ ማን እንዳወጣው ግን አልተናገሩም።

አንድ ረፋድ ላይ አቶ ስማቸው ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። «የኔ ጆሮ ከእርጅና ጋር እየደከመ ነው» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ሰው ቢሄድ እንኳ የምሰማ አይመስለኝም።»

ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ከላይ ሆኜ ብቻ አውቀው ስለነበር ይህን ያህል ረጅም አይመስለኝም ነበር።

እትዬ አስካለን በጉልበታቸው ለየኋቸው፤ እግራቸውን ዘርግተው ድንቻቸው ፊት ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ከዚህ የምትበልጪ ነበር የመሰለኝ» አሉ። ከጎናቸው ያለውን የድንጋይ መቀመጫ በመሐረባቸው ጠረጉልኝ።

ገና ሳልቀመጥ ከላይ ክላክስ ተሰማ፤ ረጅም፣ የማውቀው ድምፅ። ጉሊቱ በሙሉ ተነሣ። አረጋውያን ቀድመው፣ ነፍሰ ጡሮች ቀጥለው፣ ሌላው በተርታ ወደ ጉብታው ወጡ። ማንም አልሮጠም። እኔም እግሬ ወደዚያው አቀና።

እትዬ አስካለ ቀሚሴን ያዙኝ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። መኪናው ብቻውን፣ ቀልጠፍ ብሎ እየወረደ ነው፤ ሾፌሩም መስታወቱን ሳይሆን ፊት ለፊቱን እያየ ነው።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። «ከኋላው ምንም የለም።»

ተቀመጥኩ።